6,500 ብር የከፈልኩባት ቺንጋ

የጋራዡን ስም አልጠራም። ጅማ ሰፋ ያለች ብትመስልም ሰው ከሰው የማይጠፋፋባት ከተማ ናት። ነገ አንድ ለቅሶ ቤት፣ አንድ ድንኳን ስር ጎን ለጎን እንቀመጥ ይሆናል። ደረሰኙን ግን አነብላችኋለሁ። በእስክርቢቶ የተጻፈ ነው፣ ማህተም የለውም። ዘይት 4 ሊትር። የዘይት ፊልትሮ። ካንዴላ 4። ታይሚንግ ቺንጋ። የእጅ ዋጋ። ይህን ሁሉ የሚያስጽፈኝ አራተኛው መስመር ነው። ታይሚንግ ቺንጋ፣ 6,500 ብር ይላል። ቺንጋ የጎማ ቀበቶ ነው፤ ታይሚንግ የሚባለው ሞተሩ ላይ ሆኖ ቫልቮቹን ከፒስቶኖቹ ጋር እኩል የሚያስኬደው ነው።

መኪናዬ ቪትዝ ናት። በፈረንጅ የ2003 ስሪት፣ ባለ አንድ ሊትር ሞተር። ቪትዝ ታይሚንግ ቺንጋ የላትም። ድሮም አልነበራትም። ያላት ሰንሰለት ነው፤ ሞተሩ ውስጥ ተሸፍኖ፣ ዘይት እየጠጣ የሚኖር ሰንሰለት። የጋራዥ ሰዎች ካቴና ይሉታል። ከውጭ የሚታየው ቺንጋ ዲናሞውን የሚያዞረው ነው። እሱ ሌላ ነው፣ ዋጋውም ሌላ ነው።

ይህን ያወቅሁት ከከፈልኩ ከስምንት ወር በኋላ ነው።

ሥራዬ ኬሚስትሪ ማስተማር ነው። 19 ዓመት ሆነኝ። ተማሪ መልሱን ብቻ ጽፎ ሲያመጣልኝ «አሠራሩን አሳየኝ» እላለሁ። ጋራዥ ስገባ ግን ይህቺ ቃል ከአፌ አትወጣም። አንዱ ምክንያት ቋንቋው ይመስለኛል። ቴስታታ፣ ጋርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ። ጣልያን በ1928 መጥቶ በ1933 ተባረረ። በመሃሉ ጅማን የአንድ ትልቅ ግዛት መቀመጫ አድርጓት ነበር። ሰውየው ሄደ፣ ቃሉ ጋራዥ ውስጥ ቀረ። «ጋርኒሲዮኑ ነው» ሲሉኝ እንደገባው ሰው አንገቴን እነቀንቃለሁ። ለዚያች ነቅነቅ ስንት ብር እንደከፈልኩ ቁጭ ብዬ ባሰላው ያመኛል።

የመጀመሪያው ቀን የሄድኩት ለዘይት ብቻ ነበር። አቀባበላቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከብዙ ሆቴል ይሻላል። በሩ አጠገብ አንዲት ልጅ ቡና ታፈላለች። በርጩማ አቀረቡልኝ። ቡናው የዚሁ የእኛው አገር ቡና ነው፣ በደንብ የተቆላ። ከ5 ኮከብ ለጋራዡ አንድ የሰጠሁት ለዚህ ቡና ነው። ኮከቡም የልጅቷ ነው።

ባለቤቱ ኮፈኑን ከፈተ። ሞተሩን አስነሳ። ጆሮውን አዘነበለ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ደረቴን የሚያዳምጥ ሐኪም ነው የመሰለኝ።

«ቲቸር፣ ይሰማዎታል?»

«ምኑ?»

«ቺንጋው። እያለቀሰ ነው።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የሚያለቅስ ነገር ሰማሁ።

አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ጠጥቼ ስጨርስ ባለቤቱ በፌስታል አንድ አሮጌ ቺንጋ ይዞልኝ መጣ። ጥርስ ያለው፣ ጎኑ የተሰነጣጠቀ። «ይሄው አሮጌው፤ ይዩት ስንጥቁን። እንዲህ ሆኖ እንዴት እንዳደረሰዎት ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ቢበጠስ ኖሮ ቫልቩና ፒስቶኑ ተጋጭተው ሞተሩ አልቆ ነበር።» አመሰገንኩት። ለረዳቱ ልጅ 200 ብር ጉርሻ ሰጠሁ። ቺንጋውን ቤት ወስጄ ማድ ቤቱ በር አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ከሞት ያተረፈኝ» እያልኩ አሳይ ነበር። አያችሁ ነገሩን? ከመክፈሌ አልፌ ማስታወቂያም ሠራሁላቸው።

ስምንት ወር አለፈ። ከአዲስ አበባ ስመለስ ጊቤን ተሻግሬ ወደ አበልቲ ሽቅብ ስይዝ ቀይዋ የሙቀት መብራት በራች። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከታች በረሃው ይጠብሳል፣ ከፊት ዳገቱ አያልቅም፣ ከኋላ የጭነት መኪና ይነፋል። ጥግ ይዤ አጠፋኋት። ከኮፈኑ ስር የድስት ድምፅ ይመጣል። አንድ የአይሱዙ ረዳት በጀሪካን ውሃ ይዞ መጣ። «እትዬ ክዳኑን እንዳይነኩት፤ ፊትዎን ነው የሚልጠው» አለኝ። ግማሽ ሰዓት አብሮኝ ተቀመጠ፣ ሲቀዘቅዝ ራሱ ሞላልኝ። ብር ብሰጠው እምቢ አለ። እንዲህ ዓይነት ሰው መንገድ ላይ ሞልቷል። ጋራዥ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚነካው እንጃ።

እንደምንም እያቆምኩ ጅማ ገባሁ። በማግስቱ የት ሄድኩ? እዚያው! ቺንጋዬን የቀየረልኝ ሰው ነዋ።

ባለቤቱ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ አየ፣ ዘጋ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። «ቴስታታው ተነክቷል። ጋርኒሲዮኑ ተቃጥሏል። ይወርድና ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጫል።» ቴስታታ የሞተሩ ራስ ነው፣ ጋርኒሲዮን ከስሩ ያለች ማሸጊያ። ስንት? ከነዕቃው 42,000 ብር። ግማሹ ቀብድ። ነገውኑ ይጀመራል፣ ምክንያቱም ለእኔ ስለሚያስብ።

ብሩ ቢኖረኝ ኖሮ እከፍል ነበር። ያዳነኝ ብልጠት ሳይሆን የወር መጨረሻ መሆኑ ነው።

የእህቴ ልጅ ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ይማራል። እሁድ እሁድ ልብሱን ሊያሳጥብና ዶሮ ወጥ ሊበላ ይመጣል። ያን እሁድ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ቺንጋውን አየው።

«አክስቴ፣ ይሄ ምንድነው?»

«የቪትዟ ታይሚንግ ቺንጋ ነዋ። አሮጌው።»

ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ዋጠው። ቺንጋውን ከሚስማሩ አውርዶ ሞተሩ ላይ ለካው። ከሞተሩ ይረዝማል። «ይሄ የናፍጣ ነው። አባዱላ ሳይሆን አይቀርም። የአንቺዋ ካቴና ናት እኮ።» ስልኩን አውጥቶ የሞተሩን ሥዕል አሳየኝ። ሰንሰለቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የዘይቱንም ነገር ያኔ ነው ያነሳው፤ ይቺ ሞተር 4 ሊትር አትጠጣም። የተረፈው ማን መኪና ውስጥ እንደገባ እነሱ ያውቃሉ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ገንዘቡ አይደለም የቆጨኝ። እሺ፣ ገንዘቡም ነው። ግን የባሰብኝ ያ «እያለቀሰ ነው» ሲለኝ የሰማሁት ድምፅ ነው። ምን ነበር የሰማሁት?

ጠዋት ግን የኬሚስትሪ አስተማሪነቴ ተነሳ። የቴስታታ ጋርኒሲዮን ከተቃጠለ ከሲሊንደሩ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ይገባል። በጋዙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ደግሞ ለልጆች በየዓመቱ አሳያለሁ። ብሮሞታይሞል ብሉ የሚባል ሰማያዊ ፈሳሽ አለ። ልጁ በስትሮ ትንፋሹን ሲነፋበት አረንጓዴ ይሆናል፣ ከዚያ ቢጫ። ክፍሉ በሙሉ «ዋው» ይላል። ይኸው ፈሳሽ ነው በውጭ አገር ለመካኒኮች በሚሸጠው የጋርኒሲዮን መመርመሪያ ውስጥም ያለው።

ከመድኃኒት ቤት ትልቅ ሲሪንጅና የግሉኮስ ቱቦ ገዛሁ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፈትን፣ ውሃውን ትንሽ ቀነስን፣ አስነሳን። የእህቴ ልጅ ከራዲያተሩ አፍ ላይ ያለውን አየር በሲሪንጁ ይስባል፣ እኔ ሰማያዊው ውሃ ውስጥ ቀስ ብዬ አንቆረቁራለሁ። አንዴ። ሰማያዊ ነው። አምስቴ። ሰማያዊ። አሥር። ያው ሰማያዊ። ፈሳሹ አርጅቶ ይሆናል ብዬ ከጭስ ማውጫው ስቤ ሌላ ብልቃጥ ውስጥ ለቀቅሁበት። ወዲያው ቢጫ ሆነ። ጎረቤቶቼ በአጥር ላይ ሆነው ያዩናል። አንዷ «መኪናዋን ሽንት አስመረመረቻት» ብላ ሰፈሩን አዳረሰችው።

ሌላውንም አየን። ዘይቱ ንጹሕ ነው። ውሃ ገብቶበት ቢሆን ኖሮ ማኪያቶ ይመስል ነበር። ነጭ ጭስ የለም። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ አይፈላም። ቬንቲሌተሩ በሰዓቱ ይነሳል። 42,000 ብር የተባለው በሽታ የለም።

ታዲያ ምን አፈላት? የመጀመሪያው ነገር እጄ ላይ ነበር። ክዳኑ። ገልብጬ ሳየው ጎማው እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጥቋል፣ ስፕሪንጉ በአንድ ጣት ይጫናል። ይህ ለጅማ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ከተማችን ወደ 1,780 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ላይዋ 0.9 የተጻፈባት ጤነኛ ክዳን ግን ግፊቱን አፍና ይዛ መፍያውን ወደ 115 ዲግሪ ታወጣዋለች። የሃያ ዲግሪ ልዩነት በአንዲት ክዳን! ጎማዋ ስትሞት መኪናዋ ክፍት ድስት ሆነች ማለት ነው። ዳገት ላይ ደግሞ ክፍት ድስት ይፈላል።

ሁለተኛውን ጉድለት ያገኘነው የውሃውን ቱቦ ተከትለን ነው። የቴርሞስታቱን ቤት ሁለት ዳዶ ፈታን። ባዶ። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው ቴርሞስታት የለም። አንድ መካኒክ አውጥቶ ጥሎታል። ይህን ልማድ ብዙ ጋራዥ ውስጥ ታገኙታላችሁ፣ «ለእኛ አገር አያስፈልግም፣ የበረዶ አገር ዕቃ ነው» ይላሉ። ቀልድ ነው። በጅማ ዝናብ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ልጆች ሳደርስ ሞተሩ ሳይሞቅ ነበር ትምህርት ቤት የምደርሰው። ለካ ቤንዚን እንደዚያ የምትጠጣው ወድዳ አይደለም።

ዕቃውን ለመግዛት እዚሁ ጅማ መርካቶ ወረድኩ። ባለሱቁ የመጀመሪያ ጥያቄው ምን ይመስላችኋል? የመኪናውን ሞዴል አይደለም። «ብቻሽን ነሽ ወይስ ከመካኒክ ጋር?» አለኝ። ብቻዬን ነኝ አልኩ። ቴርሞስታቱን 1,400 ብር አለኝ። ከመካኒክ ጋር ብመጣስ? ፈገግ አለ። «ያኔማ ልጁም ይበላል፤ 2,200።» በግልጽ ነገረኝ እኮ፣ ምንም ሳይደብቅ። ለዚህ ሱቅ ሦስት ኮከብ ሰጥቻለሁ። አንዱን የቀነስኩት በሁለት ዋጋ ስለሚሸጥ ነው፣ ሌላውን ኦርጅናል ብሎ የሰጠኝ የመጀመሪያው ክዳን ሳይገጥም ስለቀረ። ያለ ጭቅጭቅ ቀይሮልኛል። ክዳኑ 900 ብር፣ የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ለብቻው።

ቴርሞስታቱን ከመግጠሜ በፊት ቀቀልኩት። አትሳቁ። በሻይ ጀበና አይሆንም፣ ሰፊ ድስት ያስፈልጋል። ዳር ላይ በክር አንጠልጥዬ የላብራቶሪ ቴርሞሜትር ከጎኑ አቆምኩ። 82 የሚል ተቀርጾበታል። 70፣ ምንም። 80፣ ምንም። 84 ላይ ሲደርስ መሃሉ ያለው ሳህን ስስ ክፍተት ሠራ፣ እንደሚነቃ ሰው ዓይን። ቀስ እያለ ተከፈተ። ከእሳቱ ሳወርደው ተመልሶ ተከደነ። ተማሪዎቼ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር! ጠርዙ ላይ አንዲት ቀዳዳና የምትንቀጫቀጭ ሚጢጢ ቁራጭ አለች። እሷ ወደ ላይ ሆና ነው የሚገጠመው፣ አየሩ በእሷ ያመልጣል። የእህቴ ልጅ ባይነግረኝ ገልብጬ እገጥመው ነበር።

ሁሉ በጄ ሰመረ እንዳልል፣ በሚቀጥለው ወር ዘይት ራሴ ልቀይር ብዬ ጉድ ሆኛለሁ። ቡሎኑን በ14 ቁልፍ ፈታሁ፣ አሮጌውን ዘይት በሳፋ ተቀበልኩ፣ ፊልትሮውን ቀየርኩ፣ ሞላሁ፣ አስነሳሁ። ዘይቱ እንደ ቧንቧ ፈነዳ። ግቢው፣ ጫማዬ፣ የጎረቤቴ ዶሮ፣ ሁሉም ዘይት ሆነ። ወዲያው አጠፋሁ። ለካ የአሮጌው ፊልትሮ የጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱን በላዩ ላይ ገጥሜዋለሁ።

ሰፈራችን ውስጥ በግቢያቸው የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ። ታፔላ የላቸውም፣ ቡናም አያፈሉም። በእግሬ ሄጄ ነገርኳቸው። መጥተው አዩ። ቀለበቷን በጥፍራቸው ላጥ አደረጓትና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

«አይዞሽ ልጄ፤ ይህቺን ሁሉም አንዴ ይሠራታል። እኔ በላንድሮቨር ነው የሠራኋት። የጌታዬ ነበር፣ አባረረኝ።»

ስንት ልክፈል አልኳቸው። «ለቀለበት?» ብለው ሄዱ። ፍሬንና መሪ አሁን የእሳቸው ነው። እኔ አልነካውም፤ ዳገት ቁልቁለት ላይ ልምምድ የለም። ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ውሃና አምፖል የኔ ነው። እሳቸው ሲሠሩም አጠገባቸው በርጩማ ላይ ቁጭ እላለሁ። ስጠይቃቸው አይሰለቹም። የሚሰለቹት ስልክ ሲደወልልኝ ነው። አምስት ኮከብ፣ ግን ቀስ ይላሉ። ጁምዓ ቀን ደግሞ ከሰዓት አትፈልጓቸው።

ስለ መሣሪያውም ትንሽ። ከመርካቶ የገዛሁት የቻይና የቁልፍ ስብስብ ለዋጋው መጥፎ አይደለም። 14ቷ ጠንካራ ናት። ካቻቪቴዎቹ ግን ጫፋቸው እንደ ሻማ ነው፣ ሁለተኛው ቡሎን ላይ ተጣመሙ። 10 ቁልፍ ሁለት ግዙ። አንደኛው ይጠፋል። የት እንደሚገባ አይታወቅም፣ የኔው ሞተሩ ስር የሆነ ቦታ እስካሁን ከእኔ ጋር ይሄዳል።

ወደ ጋራዡ የተመለስኩት ደረሰኙን ይዤ ነው። ባለቤቱ ከሩቅ አይቶኝ ተነሳ።

«ቲቸር! ቴስታታውን የት አሠሩት?»

«ድኗል።»

«ማን ሠራው?»

«እኔ።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ደረሰኙን ሰጠሁት፣ ኮፈኑን ራሴ ከፈትኩ። «አራተኛው መስመር ላይ ያለውን አሳየኝ።» ሞተሩን አየ። ደረሰኙን አየ። «ውስጥ ነው፣ ተሸፍኗል» አለ። «ፍታው፤ የእጅ ዋጋ እከፍላለሁ።» ዝም አለ። ሦስት ደንበኞች በርጩማቸው ላይ ሆነው ያዳምጣሉ። አንደኛው ሲኒውን አስቀመጠ።

ልጁ ደረሰኝ ላይ ተሳስቶ ነው አለኝ። ልጁ ማለት 200 ብር ጉርሻ የሰጠሁት ነው። አንገቱን ደፍቶ ጎማ ያሻሻል፣ ዕድሜው ከአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ አይበልጥም። ባለቤቱ 2,000 ብር ከኪሱ አውጥቶ «ላቫጆም በነጻ» አለ። ብሩን ተቀበልኩ። ላቫጆውን ተውኩት። ስወጣ ቡና አፍይዋ ልጅ ሲኒ ዘረጋችልኝ፣ ቆሜ ጠጣሁ። እጇ እንደ ድሮው ነው።

ቺንጋው አሁን ግቢያችን በር ላይ ነው። መቀርቀሪያው ስለተበላሸ ንፋስ በነፈሰ ቁጥር በሩ ይጋጭ ነበር፤ የእህቴ ልጅ በቺንጋው ጠፍንጎ አሰረው። የዘንድሮን ክረምት በሙሉ ያዘ። ዝናቡም አላላላውም፣ ስንጥቁም አልባሰበትም። ለዕቃው አራት ኮከብ። አንዱን የቀነስኩት ለዋጋው ነው።